ምዕራፍ አምስት፦ ለባሪቶን ቦታ መልቀቅ

ጉስታቭ ማህለር ትልቅ ድምፅ የማይፈራ ሰው ነበር። በ1904 የበጋ ዕረፍቱ (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ኦስትሪያ ከቮርተርዜ ሐይቅ በላይ፣ ጫካ ውስጥ ባሠራት ትንሽ የሥራ ቤት ተቀምጦ ስድስተኛ ሲምፎኒውን ጨረሰ። ስምንት ሆርን፣ ስድስት ትራምፔት፣ አራት ትሮምቦን፣ ቱባ፣ የከብት ቃጭል፤ ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት በመጨረሻው ክፍል ላይ አዳራሹን የሚያናጋ መዶሻ ጨመረበት። በዚያው ዕረፍት፣ በዚያችው ቤት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮት ለነበረው የዘፈን ስብስብ ሁለት ዘፈኖች ጽፎ ሥራውን ደመደመ። አምስቱ ዘፈኖች በአንድ ላይ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃሉ። ድምፃዊው አንድ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የዘፈናቸውም ባሪቶን ነበር። በዚህ ስብስብ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት የፈለገ አያገኝም። ትሮምቦንና ቱባም የሉም።

ስብስቡ “ኪንደርቶተንሊደር” ይባላል፤ ስለ ሞቱ ልጆች የተዜሙ ዘፈኖች እንደ ማለት ነው።

ያን ሁሉ ናስ የሚያሰልፍ ሰው እዚህ ላይ ምን ቆጣቢ አደረገው? የዘፈኖቹ ጉዳይ ሐዘን ስለሆነ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን መልሱ ያ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ሐዘንን በናስ መሣሪያ ያስለቀሱ የሙዚቃ ደራሲዎች አያሌ ናቸው። ከሐዘኑ ሌላ አንድ ደረቅ የፊዚክስ ጉዳይ አለ፤ እሱም ባሪቶን የተባለው ድምፅ የሚኖርበት ሰፈር ነው።

ባሪቶን ከወንድ ድምፆች መካከለኛው ነው፤ ከባስ ከፍ፣ ከቴነር ዝቅ ይላል። የሚዘፍናቸው ኖታዎች መሠረታዊ ንዝረት በግምት በሰከንድ ከ100 እስከ 400 ይደርሳል። የአብዛኛው ወንድ ድምፅ ሳያውቀውም የሚያርፍበት፣ ለጆሮ የሚቀርብ ክልል ነው። ችግሩ ይኸው ክልል የኦርኬስትራውም ዋና መናኸሪያ መሆኑ ነው። ቼሎው እዚያ ነው፤ ቪዮላው፣ ሆርኑ፣ ባሱኑ፣ የክላሪኔቱ ታችኛ ድምፅ፣ ትሮምቦኑ፣ ሁሉም እዚያው ተፋፍገዋል። ሶፕራኖዋ ከሁሉም በላይ ወጥታ ልትዘፍን ትችላለች። ባሪቶኑ ግን በገበያ ቀን ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ወግ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ የሚናገረው መልካም ሊሆን ይችላል፣ ግን ማን ይሰማዋል?

ስዊድናዊው የድምፅ ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ በ1970ዎቹ ይህን ጉዳይ በመሣሪያ ለክቶ አይቶታል። አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ሲጫወት የድምፁ ጉልበት የሚበረታው በ500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ እየወጣ በሄደ ቁጥር ይዳከማል። የሠለጠነ ወንድ የኦፔራ ድምፃዊ ድምፅ ግን ከ2,500 እስከ 3,000 ኸርዝ ባለው ስፍራ ላይ ለብቻው ጉብታ ያወጣል። ሱንድበርግ ይህን ካሳየባቸው ድምፆች አንዱ የአገሩ ልጅ የቴነሩ ዩሲ ቢዮርሊንግ ነበር። ጉብታው የሚፈጠረው ድምፃዊው ማንቁርቱን ዝቅ አድርጎ ከበላዩ ያለውን የጉሮሮ ክፍል ሲያሰፋ ነው። ኦርኬስትራው በተዳከመበት፣ የሰው ጆሮም ይበልጥ ንቁ በሆነበት ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ማይክራፎን የሌለው አንድ ሰው ከ80 መሣሪያ ጋር ተወዳድሮ ሊሰማ ይችላል። ምሥጢሩ ጩኸት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማነቆ አለ። ያ ጉብታ ድምፃዊው በሙሉ ጉልበት ሲዘፍን ጎልቶ ይወጣል፤ ድምፁን ለስለስ ባደረገ ቁጥር እየሟሸሸ ይሄዳል። በኦፔራ መድረክ ላይ በቁጣ የሚያገሣ ባሪቶን የተፈጥሮ መከላከያ አለው ማለት ነው። ለራሱ ከሚያንጎራጉር አባት ላይ ግን መከላከያው ይነሳል። ስለዚህ ለስላሳ ዘፈን ለባሪቶንና ለኦርኬስትራ የሚጽፍ ሰው ቦታውን አስቀድሞ ባዶ ማድረግ አለበት፤ ድምፃዊው ታግሎ እንዲያገኘው መተው አያዋጣም።

ለዚህ ይመስላል ዘፈንና ኦርኬስትራ ለመጋባት ረጅም ጊዜ የፈጀባቸው። ጀርመኖች “ሊድ” የሚሉት፣ ግጥምን ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ የማዜም ጥበብ ተወልዶ ያደገው ሳሎን ውስጥ ነው። ፍራንዝ ሹበርት ከ600 በላይ ዘፈኖች ሲጽፍ ከጎኑ የነበረው ፒያኖ ነበር። ፈረንሳዊው ኤክቶር በርሊዮዝ በ1841 ለፒያኖ ያሳተማቸውን “ሌ ኑዊ ዴቴ” የተባሉ ስድስት ዘፈኖች ሙሉ በሙሉ ለኦርኬስትራ አሰናድቶ የጨረሰው በ1856 ነው። በጀርመን በኩል ነገሩን ከገፉት ሰዎች አንዱ ባሪቶኑ ዩሊዩስ ሽቶክሃውዘን ነበር። በ1856 ቪየና ላይ “ዲ ሼነ ሙለሪን” የተባለውን የሹበርት የዘፈን ስብስብ ከዳር እስከ ዳር በሕዝብ ፊት በመዝፈን የመጀመሪያው የሆነው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ትልልቅ የኦርኬስትራ ኮንሰርቶች ሲጋበዝ የሹበርትን ዘፈኖች ጥሎ መሄድ አልፈለገም። ዮሃንስ ብራምስ በ1862 አንዳንዶቹን ለእሱ ሲል ለኦርኬስትራ አዘጋጀለት። ከሽቶክሃውዘን ተማሪዎች መካከል አንቶን ሲስተርማንስ የተባለ ሆላንዳዊ ባሪቶን ይገኛል። ማህለር በማርች 1896 በርሊን ላይ “ሊደር አይነስ ፋረንደን ገዘለን” የተባሉትን፣ ፍቅር ከድቶት በየመንገዱ የሚንከራተትን ወጣት የሚመለከቱ አራት ዘፈኖቹን ከኦርኬስትራ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሰማ የዘፈነለት ይኸው ሲስተርማንስ ነው። መምህሩን በፒያኖና በኦርኬስትራ መካከል ያንገላታው ጥያቄ በተማሪው በኩል ማህለር እጅ ገባ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የ“ኪንደርቶተንሊደር”ን ግጥሞች የጻፈው ፍሪድሪክ ሩከርት ይባላል። ሰውየው ገጣሚ ብቻ አልነበረም፤ ከ1826 ጀምሮ በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ሆኖ አገልግሏል፤ በዕድሜው ዘመን የሠራባቸው ወይም ያጠናቸው ቋንቋዎች 44 ያህል ተብለው ይቆጠራሉ። ፋርስኛ፣ ዓረብኛ፣ ሳንስክሪት አሉበት፤ የዘመኑ የጀርመን ሊቃውንት “ኢትዮጵያዊ” ይሉት የነበረው ግዕዝም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። በ1833 መጨረሻ የቀይ ትኩሳት በሽታ ቤቱ ገባ። የሦስት ዓመቷ ሉዊዘ በዲሴምበር የመጨረሻ ቀን ሞተች፤ ሁለት ሳምንት አልፎ የአምስት ዓመቱ ኤርንስት ተከተላት። አባትየው ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ስለ ልጆቹ ከ400 በላይ ግጥሞች ጻፈ። ወዲያው ወደ ማተሚያ ቤት አልወሰዳቸውም። ስብስቡ በመጽሐፍ የወጣው እሱ ካረፈ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1872 ነው።

ከ400 ግጥም አምስት መምረጥ ራሱ ሥራ ነው። ማህለር የመረጣቸው ለቅሶ የሚበዛባቸውን አልነበረም። ፀሐይ ምንም እንዳልተፈጠረ መውጣቷን የሚመለከት አለ። ልጆቹ ለሽርሽር ወጥተው ነው፣ አሁን ይመለሳሉ ብሎ ራሱን የሚያታልል አባት አለ። አባባሎቹ ቀላል ናቸው፤ ማንኛውም ሰው በኀዘን ቤት ሊናገራቸው የሚችላቸው። አንቶን ቬበርን የተባለው የ21 ዓመት ተማሪ፣ በኋላ የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ሙዚቃ ከለወጡት አንዱ የሆነው፣ በፌብሩዋሪ 1905 ማህለር ስለ ሩከርት ግጥም ሲናገር ሰምቶ በማስታወሻው አስፍሯል፤ ማህለር የሩከርትን ሥራ ከምንጩ የተቀዳ ግጥም አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

የመጀመሪያው ዘፈን አጀማመር ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባል። የሚከፍቱት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው፤ አንድ ኦቦና አንድ ሆርን። ከሥራቸው ኮርድ የሚዘረጋ፣ የሚደግፋቸው የለም። ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አየር ላይ ይጓዛሉ፤ ኦቦው ከባሪቶኑ ክልል በላይ ነው፣ ሆርኑ ደግሞ በባሪቶኑ ሰፈር ውስጥ ቢሆንም ብቻውን ስለሆነ አያጨናንቅም። ባሪቶኑ ሲገባ መንገዱ ባዶ ነው። ስለ ፀሐይ መውጣት ይናገራል፤ ዜማው ግን ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ሌሊቱን ስለ ደረሰው መከራ ሲናገር ደግሞ ሃርፑና አውታሮቹ ሞቅ ብለው ይገባሉ፤ ዜማው ግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። ቃሉና ዜማው በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄዱ ነው። ሌላ የሙዚቃ ደራሲ ቢሆን ፀሐይዋን በትራምፔት ያወጣት ነበር። እዚህ አባትየው ብርሃኑን በአፉ ይጠራዋል እንጂ ገና አላየውም፤ የሚያሞቀው ያው የሌሊቱ ነገር ነው። የግጥሙ አንድ ክፍል ሲያበቃ ግሎከንሽፒል የተባለችው ትንሽ የብረት ደወል ለስለስ ብላ ትመታለች። ምን እንደምትል ማንም በእርግጠኝነት መናገር አይችልም፤ አንዳንዱ የቀብር ደወል ይላታል፣ አንዳንዱ የልጅ መጫወቻ።

ማህለር በዚያ ዘመን በሩከርት ግጥሞች ላይ ሌሎች አምስት ዘፈኖችም ጽፎ አራቱን ለኦርኬስትራ አሰናድቷል፤ በእነሱም ላይ የሚታየው ይኸው የመቀነስ ጥበብ ነው። ስለ እኩለ ሌሊት በጻፈው ዘፈን ውስጥ አንድም የአውታር መሣሪያ የለም፤ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ቲምፓኒ፣ ሃርፕና ፒያኖ ብቻ ናቸው። ስለ ዛፍ ቅርንጫፍ መዓዛ በሚናገረው ደግሞ ቼሎና ኮንትራባስ ተነስተዋል፤ ዘፈኑ መሬት ሳይነካ ይንሳፈፋል። ሪሻርድ ሽትራውስ በ1899 ለዝቅተኛ ድምፅ ሁለት ረጃጅም የኦርኬስትራ ዘፈኖች ጽፎ ነበር፤ እሱ ግን ያለውን ሁሉ የማሰለፍ ፍላጎቱ ይበልጥበታል። ዘፈኖቹ ዛሬ በኮንሰርት የሚሰሙት ከስንት አንዴ ነው። ሁለቱ ሰዎች የዘመኑ ምርጥ የኦርኬስትራ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ማህለር ይበልጣል።

አዳራሹም የዘፈኑ አካል ነበር። በጃንዋሪ 29 ቀን 1905 “ኪንደርቶተንሊደር” ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ማህለር የቤተ መንግሥቱ ኦፔራ ዳይሬክተር ነው፤ የፈለገውን አዳራሽ ሊያዝ ይችላል። የሙዚክፌራይን ሕንፃ ዛሬ ከ1,700 በላይ መቀመጫ ያለው ወርቃማው አዳራሽ አለው። ማህለር ግን ያንን ትቶ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለውን፣ ዛሬ በብራምስ ስም የሚጠራውንና ወደ 600 ሰው የሚይዘውን ትንሹን አዳራሽ መረጠ። ኮንሰርቱን የጠሩት አርኖልድ ሾንበርግና አሌክሳንደር ፎን ዜምሊንስኪ ያቋቋሙት የወጣት የሙዚቃ ደራሲዎች ማኅበር አባላት ነበሩ። በምሽቱ ከተዘፈኑት የማህለር ዘፈኖች አንዱንም ሴት አልዘፈነችም፤ አንድ ቴነርና ሁለት ባሪቶኖች ተካፈሉት። “ኪንደርቶተንሊደር” ለባሪቶኑ ፍሪድሪክ ቫይደማን ደረሰው። ገበያው ደርቶ ስለነበር በፌብሩዋሪ 3 ኮንሰርቱ ተደገመ። በዚያው ዓመት ግራትስ ከተማ ላይ በተደረገ የሙዚቃ ፌስቲቫል ዘፈኖቹ እንዲቀርቡ ሲጠየቅም ማህለር ትንሽ አዳራሽ ካልተሰጠኝ ብሎ ሙጭጭ አለ።

በኖታው ላይ ያሰፈረው ማሳሰቢያም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ አምስቱ ዘፈኖች የማይነጣጠሉ ስለሆኑ በመካከል ጭብጨባም ሆነ ሌላ ሁካታ አይግባ ይላል። ጭብጨባን በጽሑፍ መከልከል በዚያ ዘመን ድፍረት ነበር፤ የኦፔራ ተመልካች ደስ ካለው ዘፈን በዘፈን የሚያጨበጭብ፣ ይደገም የሚልም ነበር።

ስለዚህ ሥራ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። ማህለር በማርች 1902 አልማ ሽንድለርን አገባ፤ በዚያው ዓመት ማሪያ፣ በ1904 ደግሞ አና ተወለዱ። አልማ በኋላ በጻፈችው ትዝታ፣ ባሏ ሁለት ጤነኛ ልጆቹን በአትክልቱ ሥፍራ ስሞ አሰናብቶ ወዲያው ስለ ልጆች ሞት መዝፈኑ እንዳስደነገጣትና እንደ ሟርት እንደቆጠረችው ገልጻለች። በጁላይ 1907 ማሪያ በቀይ ትኩሳትና በዲፍቴሪያ በዚያው ሐይቅ ዳር ሞተች። አራት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ከዚህ በኋላ ሟርቱ ሠራ የሚለው ወሬ ከዘፈኖቹ ተለይቶ አያውቅም።

ቀኖቹን ላየ ሰው ግን ታሪኩ ይላላል። ከአምስቱ ሦስቱ የተጻፉት በ1901 በጋ ነው፤ ማህለር አልማን የተዋወቀው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ገና ልጅ ቀርቶ ሚስት እንኳ አልነበረችውም። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ክፉኛ ደም ፈስሶት ለጥቂት ከሞት አምልጧል። ደግሞም የሕፃን ሬሳ ለማህለር እንግዳ ነገር አልነበረም። ወላጆቹ ከወለዷቸው 14 ልጆች ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሞተዋል፤ በዕድሜ በጣም የሚቀርበው ወንድሙ በ13 ዓመቱ ሲሞት ማህለር 14 ዓመቱ ነበር። የወንድሙ ስም ኤርንስት ነው፣ እንደ ሩከርት ልጅ። እንግዲህ ዘፈኖቹ ወደፊት አይተው ተነበዩ ከማለት ወደ ኋላ አዩ ማለት ይቀላል። ማህለር ራሱ ለወዳጁ ለጊዶ አድለር፣ ሲጽፋቸው ልጁ እንደሞተበት አድርጎ ራሱን እንዳስቀመጠና የራሱን ልጅ በእርግጥ ካጣ በኋላ ግን ሊጽፋቸው እንደማይችል ነግሮታል። ከሟርቱ ወሬ ይልቅ ይህ አባባል ስለ ሥራው የበለጠ ይናገራል፤ ያ ሁሉ ቁጥብነት ኀዘኑን በርቀት ሊያየው ከሚችል ሰው የመጣ ነው።

ቁጥብነቱ የሚላላው በአምስተኛው ዘፈን ነው። ውጭ ማዕበል ነው፤ አባትየው እንዲህ ባለ ቀን ልጆቹን ከቤት አላስወጣም ነበር፣ ሌሎች ግን ይዘዋቸው ወጡ፣ እሱም ምንም ማለት አልቻለም። አውታሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ያፏጫሉ፤ ባሪቶኑ በግጥሙ የተለያዩ ክፍሎች መጀመሪያ ላይ በዚያው ቃል እየተነሳ ይታገላል። እዚህ ላይ ማህለር ድምፃዊውን ሆን ብሎ ለሞገዱ ትቶታል። አድማጩ አንዳንድ ቃል ቢያመልጠው የመሪው ጥፋት ላይሆን ይችላል። ከዚያ ማዕበሉ ይበርድና የመጀመሪያው ዘፈን ደወል ተመልሳ ትሰማለች። ሬ ሚነር የነበረው ወደ ሬ ሜጀር ይዞራል፤ ማህለር በኖታው ላይ በዝግታ፣ እንደ እሹሩሩ ብሎ ጽፏል። ቼሌስታ የተባለችው የደወል ድምፅ ያላት የቁልፍ መሣሪያ ከላይ ሆና ትንጠባጠባለች። ባሪቶኑ ደቂቃ ካልሞላ ጊዜ በፊት ሲጮኽ የነበረበትን ድምፅ ትቶ ልጅ ማስተኛት አለበት። ለዘፋኞች የሥራው ፈተና ያለው እዚያ መዞሪያ ላይ ነው፤ ማዕበሉ ላይ ጉልበቱን የጨረሰ ባሪቶን እሹሩሩው ላይ ድምፁ ይሻክራል።

ዘፈኖቹን ሴቶችም ይዘፍኗቸዋል፤ ማህለርም አልከለከለም። እንግሊዛዊቷ ኮንትራልቶ ካትሊን ፌሪየር በ1949 ከመሪው ከብሩኖ ቫልተርና ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀዳችው ብዙዎች ከሁሉ የሚያስቀድሙት ነው፤ ቫልተር ደግሞ የማህለር የቅርብ ረዳት ስለነበር ቅጂው ክብደት አለው። ያም ሆኖ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ባሪቶን የሚመረጥበት ምክንያት አለ። እናት በምሽት ሻማ ይዛ በር ትገባለች። አባት ቀና ይላል። ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግን ሚስቱ ፊት ላይ አይደለም፤ ወደ በሩ ደፍ ቀረብ ብሎ፣ ትንሿ ልጅ ከእናቷ ጎን ስትገባ ፊቷ ይገኝ በነበረበት ቁመት ላይ ነው። የሚናገረው አባት መሆኑን የሚያሳውቀው ይህ የዓይን አወራረድ ነው። ኦርኬስትራው ደግሞ ወርዷል፤ ቼሎዎቹ በጣት ይነካሉ፣ ኮር አንግሌና ባሱን በላያቸው ያንጎራጉራሉ። ድምፃዊው ወንድ ከሆነ ከነዚህ መሣሪያዎች ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ቆሞ ነው የሚዘፍነው፤ ይህ ምዕራፍ ሲጀምር አደጋ ያልነው መፋፈግ እዚህ ላይ የተፈለገ ቅርርብ ሆኗል።

ሙሉ ሥራውን መጀመሪያ በሸክላ ያስቀዳውም ባሪቶን ነው፤ ሃይንሪክ ሬህከምፐር፣ በ1928፣ በያሻ ሆረንሽታይን መሪነት። ዲትሪክ ፊሸር-ዲስካው በ1955 ከሩዶልፍ ኬምፔ፣ በ1963 ደግሞ ከካርል በም ጋር ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጎን ቆሞ ቀድቶታል። ቅጂዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን አንድ ነገር ይደብቃሉ። ማይክራፎን ከድምፃዊው አፍ አጠገብ ሲቆም ሱንድበርግ የለካው ችግር ሁሉ ይጠፋል፤ ሹክሹክታ ከኦርኬስትራ በላይ ይሰማል። በአዳራሽ ውስጥ ግን አንዳንድ መሪዎች ቫዮሊኖቹን እስኪያሳንሱ ድረስ ይሄዳሉ፤ ማህለር ለ600 ሰው ያሰበውን በሁለትና በሦስት ሺህ ሰው አዳራሽ ሲያሰሙ ሌላ መላ የላቸውም።